ከአረንጓዴው ቀለም በታች

ሰኞ 4

አንባቢዎቼ፣ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ አፍሬ ነው የዋልኩት። (ይህ የግል ማስታወሻዬ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማንም አያነበውም። ግን ስንት ዘመን ለመጽሔት ዓምድ ስጽፍ ኖሬ ለብቻ ማውራትን ከየት ልማረው? አላችሁ ብዬ እቀጥላለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ዳር ያለው ረግረግ ተቃጥሎ ሳምንታት ሙሉ ጭስ ሲያስውጠን ከረመ። ባለፈው ሳምንት «እሳቱ ጠፍቷል» ተብሎ ተነገረ። እኔ ደግሞ ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ? «ጭሱ ሄዷል፤ መጋረጃችሁን አውርዳችሁ እጠቡ!» ብዬ ዓምዴን በሙሉ ስለ መጋረጃ አስተጣጠብ ጻፍኩበት። ራሴም አጠብኩ። የሳሎኑን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የወጥ ቤቷን ትንሿን ጭምር። ማታ ሰቅዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ቤቱ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ዓሣ አልጠበስኩም።

ቢሮ ስደርስ ስልኩ አላርፍ ብሏል። አንዷ አንባቢ፣ «እህቴ፣ ያንቺን ምክር ሰምቼ ነጭ አንሶላዬን አሰጣሁልሽ፤ አሁን የከሰል ጆንያ መስሏል። መጥተሽ ታጥቢልኛለሽ ወይስ ልላክልሽ?» አለችኝ። ዋና አዘጋጇ ከመስታወት ክፍሏ ሆና እያየችኝ በሳቅ ትፈርሳለች።

ማታ ታናሽ እህቴ መጣች። የእሷ ሥራ ከእሳት የሚወጣውን ጭስና ጋዝ መገመት ነው፤ የአየር ጥራት ቢሮ ውስጥ። ገና ከበሩ አየር ወደ ውስጥ ማገች።

«እትዬ፣ መጋረጃ አጠብሽ?»

«አትጀምሪኝ!»

«እሳቱ እኮ አልጠፋም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

በጣቷ ወደ ወለሉ አመለከተች። «መሬት ውስጥ ገብቷል።»

ማክሰኞ 5

ትናንት አምሽታ ያስረዳችኝን ሳልረሳው። የረግረጉ አፈር አፈር አይደለም አለችኝ፤ ስንት ዘመን ሲበሰብስ የኖረ የሸምበቆ ሥርና ቅጠል ነው። ውሃው ሲሸሸውና ሲደርቅ እንደ ሲጋራ ነው የሚነደው፤ ነበልባል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ዝም ብሎ ወደ ታች። ከሰማይ የምታየው ሳተላይት የምትፈልገው ትልቅ ሙቀት ስለሆነ፣ ይሄንን አይታ እንዳላየች ታልፈዋለች። በዚህ ምክንያት በይፋ የተመዘገበው የዚህ ሳምንት ጭስ ዜሮ ነው። ዜሮ! የኔ መጋረጃ ይመስክር።

«የሚንቦገቦግ እሳት በላተኛ ነው» አለችኝ፤ «ያገኘውን ጨርሶ ይበላል። የሚጨስ እሳት ግን እያኘከ የሚተፋ ነው። ከእያንዳንዷ ኪሎ የሚወጣው ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ከነበልባሉ እጅግ ይበልጣል።»

እማዬ የምትኖረው ደግሞ ከረግረጉ አፍንጫ ሥር ነው። ጭሱ ሌሊት ቁልቁል ወርዶ እሷ ሰፈር ይተኛል። ዛሬ ሄጄ «እኔ ጋ እንሂድ» አልኳት።

«ጭስ ሲመጣ እኔ ልሂድ? እሱ ይሂድ!»

ይህን ብላ ሳለች። ሳሏ ደረቅ ነው፤ አልወደድኩትም። «ጉንፋን ነው» አለችኝ። እኔም አብሬያት ጉንፋን ነው አልኩ።

ሐሙስ 7

እንግዲህ የጉዳዩ ቁልፍ ውሃ ነው። ከረግረጉ በላይ የተጠራቀመ ውሃ አለ፤ በሩ ወደ ረግረጉ ከተከፈተ እሳቱ ታፍኖ ይሞታል። ግን ውሃው ለእርሻ የተቀመጠ ነው፤ በሚመጣው ወር መጀመሪያ ለገበሬዎቹ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፍ የለም። በሩ ወደ ረግረጉ የሚከፈተው የአየር፣ የውሃና የጤና ቢሮዎች የጋራ ኮሚቴ «እሳቱ ከመሬት በታች አለ፤ የሚያወጣውም ጭስ ይህን ያህል ነው» የሚለውን ግምት ካጸደቀ ብቻ ነው። ግምቱን የምታቀርበው እህቴ ናት።

የውሃ ቢሮውን ወክሎ ኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ… እሺ፣ ልጻፈው። የቀድሞ ባለቤቴ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ማንም ክፉ ነው አላለም። ማስረጃ በእጁ ካልዳሰሰ ግን ጥርሱን አይገልጥም። አንድ ጊዜ ታምሜ ተኝቼ እንኳን ቴርሞሜትሩን ሁለቴ ነው ያየው።

ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል።

ቅዳሜ 9

እህቴን ተከትዬ ረግረጉ ዳር። ጫማዬ ተበላሸ። ሽታው! እዚያ የእግር ድልድይ አለ፤ በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ሰው የሚንሸራሸርበት፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት። ምሰሶዎቹ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል። መግቢያው ላይ፣ ባልተቃጠለው በኩል፣ ቀለሙ እስከ መሬት ይደርሳል። ወደ ውስጥ፣ ሸምበቆው በነበረበት፣ አረንጓዴው ያልቅና ከሥሩ ግራጫ ሲሚንቶ ይታያል፤ ከጉልበቴ በላይ የሚሆን።

እህቴ ዓይኗ በራ። «እትዬ! መሬቱ እዚህ ነበር!» ቀለሙ ያለቀበትን መስመር በእጇ ትደበድባለች። «ይሄ ሁሉ ግራጫ ተቃጥሎ የሄደ አፈር ነው!»

ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ለካች። እኔ ሜትሩን ያዝኩላት። ደስ ብሏት እንደዚያ ስትሮጥ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ማክሰኞ 12

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ። ወይ ጉድ።

ኮሚቴው ዛሬ ተሰብስቦ ልጅቷን እንደ ጨርቅ አጥቦ አሰጣት።

ግምቱ የሚሠራው እንዲህ ነው (አሁን ከእሷ ይልቅ እኔ ሳላውቀው አልቀርም)፦ የተቃጠለው ስፋት፣ ጥልቀቱ፣ የአፈሩ ክብደት፣ ከዚያ ከእያንዳንዷ ኪሎ የሚወጣው ጋዝ፤ አባዝቶ መደመር ነው። እህቴ አባዛች። የወጣው ቁጥር የከተማው መኪና ሁሉ በዓመት ከሚያጨሰው ሦስት እጥፍ ሆነ። አለቃዋ፣ ራሱ መላጣ ስለሆነ «አምፖሉ» የምንለው፣ መነጽሩን አወለቀና፦

«አፈሩን መቼ ነው የመዘንሽው?»

«ካልተቃጠለው በኩል ቆፍረን እንዳወጣነው።»

«አድርቀሽዋል?»

እህቴ ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች።

«የኔ ልጅ፣ ውሃ አቃጠልሽ እኮ!»

ተሳሳቀባት። የረግረግ አፈር አብዛኛው ውሃ ነው፤ ግምቱ የሚሠራው በደረቁ ነው፤ ይህን ደግሞ እሷ ራሷ ለአዳዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው ነገር ነው። ድልድዩ ላይ ያየችው ግራጫ አስክሯት ረሳችው። ከስብሰባው እስክትወጣ ቢሮው ውስጥ ስም ወጥቶላታል፦ «ውሃ አቃጣይዋ»።

የቀድሞዬ አልሳቀም። እሱ ሲስቅ ይሻላል። ጉሮሮውን ጠራርጎ ሁለተኛውን ጣለ፦ «ክብደቱስ ይስተካከላል እንበል። ጥልቀቱን በምን አወቃችሁት? በቀለም? ቀለም ቀቢ ጎንበስ ማለት አይወድም። ሸምበቆው ሰው ይውጥ ነበር። እዚያ ውስጥ ገብቶ እስከ አፈሩ ይቀባል? ሳይጎነበስ እጁ እስከደረሰበት ቀብቶ ሄዷል። ግራጫው ድሮም ከመሬት በላይ የነበረ ሊሆን ይችላል።»

እስከ ሃያ ስምንት ድረስ ጊዜ ሰጧት። ከዚያ ውሃው ወደ እርሻ።

እህቴ እኔ ጋ መጥታ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኛች። ፀጉሯን ስዳብስ፣ «እትዬ፣ ሥራዬን ለቅቄ አበባ ብሸጥስ?» አለችኝ። «አበባም በደረቁ አይመዘንም» አልኳት። ትንሽ ሳቀች።

ሐሙስ 14

የአፈር ማድረቂያው የቢሮው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ የራሱ ወረፋ ደግሞ እስከ ሌላ ወር። እና ገምቱ የማን ኦቭን እንደተያዘ።

የዳቦ ቅርጾቼ በሙሉ ጭቃ ተሞልተው ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የምሰሶ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። እሳቱ በዝቅተኛ። በጣም ከሞቀ ራሱ አፈሩ ነድዶ ግምቱን ያበላሻል። እህቴ በየሰዓቱ እያወጣች ትመዝናለች፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም።

ከፎቅ በላይ ያለችው ጎረቤቴ አንኳኳች። «ምን እየጋገርሽ ነው?»

«ረግረግ።»

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ 16

ደረቀ! ከሦስት እጅ ሁለቱ ውሃ ነበር። ሦስት እጥፍ የነበረው ወደ አንድ ወረደ።

እኔ ተከፋሁ፤ እህቴ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ዘለለች። «አንድ እኮ ነው፣ እትዬ! የከተማው መኪና ሁሉ የዓመት ጭስ፣ ከአንድ ረግረግ፣ ዜሮ ከተባለ በኋላ! ይሄን ቁጥር ማንም አይነቀንቀውም።» ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለብቻ፣ ብናኙን ለብቻ ጻፈችው። ብናኙ ሲነበብ እማዬን አሰብኩ።

አሁን የቀረው ጥልቀቱ ነው። ቀቢው ጎንበስ ብሎ ነበር ወይስ አልነበረም?

ቀቢውን ፈለግነው። ከሞተ ቆይቷል።

ሰኞ 18

ሐሳቡ የእህቴ ነው። እስክሪብቶዋን እያኘከች ድንገት፦ «እትዬ፣ የመጽሔታችሁ የሠርግ ገጽ!»

እውነቷን ነው። ስንት ሙሽራ እዚያ ድልድይ ሥር ቆሞ ለኛ መጽሔት ፈገግ ብሏል! ከእግራቸው አጠገብ ምሰሶው ከታየ፣ መሬቱ የት እንደነበር ታወቀ ማለት ነው።

ምድር ቤት ያለው የፎቶ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዋልን። ፎቶዎቹን የሚጠብቁት ሽማግሌ (እኛ «አቶ ኔጋቲቭ» ነው የምንላቸው) ካርቶን እያወረዱ ሐሜት ያቀብሉናል። «እነዚህ ሦስት ወር አልቆዩም። እነዚያ አምስት ወልደዋል። ይሄኛው ሚዜ ነው ኋላ ያገባት!» እኔ በሌላ ቀን ለዚህ ነፍሴን እሰጥ ነበር።

ውጤት፦ ምንም። ፎቶግራፍ አንሺ እግር አይወድም። ሁሉም ከወገብ በላይ ነው፤ ካልሆነም ድልድዩ ላይ ቆመዋል እንጂ አልወረዱም፤ የወረዱትን ደግሞ ሸምበቆው ሸፍኗቸዋል።

ሁሉንም ዓመት አየን። አንዱ ዓመት ቀርቶ። ያ ዓመት ዝናብ የበዛበት ስለነበር ብዙ ሠርግ አልነበረም።

ረቡዕ 20

ሥራ በዝቶብኛል። አዘጋጇ ስለ መጋረጃው ማስተባበያ ጻፊ ብላኛለች። ጻፍኩ። ሳቅ ሳቅ አለችበት። ይሁን።

እህቴ ደወለች፤ «አቶ ኔጋቲቭ አንድ ካርቶን አልወረደም አሉኝ» አለች። ባዶ ይሆናል አልኳት። ስልኩንም ዘጋሁ፤ የሚጣድ ነበረኝ።

ዓርብ 22

የእማዬ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ወደ ክሊኒክ ወሰዷት። ዛሬ ተመልሳለች፤ ደህና ናት፤ ድምጿ ግን የሷ አይደለም።

እማዬ መስኮቱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅጥቃለች። ስታወራ በየመሐሉ ታርፋለች። ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው፤ «ወገቤ ነው» ትለኛለች። ወገቧ አይደለም።

«እህትሽ ምን ላይ ደረሰች?»

«አንድ ፎቶ ቀርቷታል።»

«የምን ፎቶ?»

አስረዳኋት። ቀለሙን፣ ቀቢውን፣ ሸምበቆውን። እማዬ አየችኝ። እናት እንዴት እንደምታይ ታውቃላችሁ፤ ልክ ድስት ከፍቶ እንደሚያይ ሰው።

«ያንቺ ቬሎ ጫፉ አረንጓዴ አልነበረም እንዴ?»

«የት አውቄ።»

«የት አውቄ ትለኛለች! በሎሚ ብፈትገው፣ በሳሙና ብፈትገው እምቢ ያለኝ! ቀለሙ እርጥብ ነው እያሉሽ ሸምበቆው ውስጥ ገብታችሁ! እንዲያውም ያኔ ነው ደስ ያላለኝ።»

«እማዬ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ሳለች።

እሑድ 24

ደብቄው አልነበረም። ማንም በቀጥታ አልጠየቀኝም።

የዚያ ዓመት ፎቶ ያለበት ፖስታ እቤቴ ነው፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ የክረምት ብርድ ልብሶቹ ሥር። መጽሔቱ ቤት እንዳይጠፋ ብዬ ነው ያመጣሁት፤ እዚያ እርጥበት አለ።

ዛሬ ከፈትኩት። ያ ሰውዬ በአዲስ ጫማ፣ እኔ በቬሎ፣ ከድልድዩ ወርደን ሸምበቆው መሐል። «ወደ ውስጥ ግቢ፣ ያምራል» ያለኝ እሱ ነው። ቬሎዬን ሰብስቤ ይዤ ጫፉን እያየሁ አፌን ከፍቼያለሁ፤ ልጮህ ነው። አረንጓዴ! ምሰሶው ከጎኔ፤ እርጥብ ቀለሙ እያበራ ቁልቁል ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ የሱም ጫማ ጫፍ እዚያው ላይ ነው። ቀቢው ጎንበስ ብሏል። ሸምበቆውን ገለጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው ቀብቷል፤ እግዜር ይስጠው።

ሌላም ነገር አለ። እሱ ቬሎውን አያይም። እኔን ነው የሚያየው፤ እየሳቀ። ያኔ ይህን አላየሁትም ነበር።

ለእህቴ ደወልኩ። «ና ውሰጂ» አልኳት፤ ተደናግጬ በወንድ ጠራኋት። እያለከለከች መጣች። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ስለ ቀለሙ ብቻ ነው ያወራችው። እህት ማለት ይሄ ነው።

የምሰሶው ቁጥርም ይታያል። ያንኑ ምሰሶ ነገ ሄዳ ትለካዋለች።

ማክሰኞ 26

ለካችው። ግራጫው ከጉልበቷ በላይ፣ እስከ ጭኗ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከሥሩ አፈሩ ይሞቃል፤ የጫማዋ ሶል ለስልሷል። ሐሙስ እኔም እሄዳለሁ። ለመዘገብ ነው። ምን እንደምለብስ አላውቅም።

ሰማያዊውን።

ሐሙስ 28

አንባቢዎቼ! ሰማያዊውን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ በደስታ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ክፍሉ ጠባብ፣ ወንበሩ የሚንቋቋ፣ መስኮቱ በጭሱ ምክንያት የተዘጋ፤ ሁሉም ያስላል፤ እሳቱ ጠፍቷል የሚሉትም ያስላሉ። አምፖሉ ከራስጌ። የቀድሞዬ በግራ በኩል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ አላማረበትም ማለት አልችልም። እኔ ከኋላ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ።

እህቴ ተነሳች። «መጀመሪያ ስህተቴን ላርም» አለች። የደረቀውን አፈር በየዳቦ ቅርጹ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው።

«የማን ቅርጽ ነው?» አለ አምፖሉ።

«የእትዬ።»

«ኬክ መስሎኝ!»

ሳቁ፤ ግን በዚህኛው ሳቅ ውስጥ እሷም ነበረች። እያንዳንዱን አስረዳች፤ እርጥቡ ስንት፣ ደረቁ ስንት፣ ስንቴ እንደመዘነች። አምፖሉ ራሱን ነቀነቀ፤ «አሁን አፈር አቃጠልሽ» አለ።

የቀድሞዬ እጁን አነሳ። «ጥልቀቱስ?»

እህቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየች። እኔ ደብተሬን አየሁ። እሷ የፕሮጀክተሩን ቁልፍ ተጫነችው።

ግድግዳውን ሙሉ፣ እኔና እሱ። እኔ አፌን ከፍቼ፣ እሱ እየሳቀ፣ መሐላችን አረንጓዴ ምሰሶ።

ከዚያ አንዷ የጤና ቢሮ ሴትዮ ቀስ ብላ፣ «ይሄ… ኢንጂነር አይደሉም እንዴ?» አለች።

ኢንጂነሩ ከወንበሩ ተነሳ። መነጽሩን አደረገ። ወደ ግድግዳው ሄዶ አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ጠጋ አለ። ጀርባውን ነው የማየው፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ሙሽራዋ ተቆጥታለች» አለ።

አፌ ቀደመኝ። «ቀለሙ እርጥብ ነበራ! ግቢ ያለኝ ማን ሆነና?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አምፖሉ ጠረጴዛ ደበደበ። እህቴ አፏን ያዘች። እሱም ሳቀ፤ ያንን ሳቅ፤ ፎቶው ላይ ያለውን።

ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ጫማዬ ያረፈበት አፈር ነው። ቀለሙ የሚያልቀው አፈሩ ጋ ነው፤ የእሷን ልብስ የነካውም እዚያው ነው። ቀቢው ሥራውን ሠርቷል። እኔ ነኝ የበደልኩት። ጥልቀቱን ተቀብያለሁ።»

«የገበሬዎቹስ ውሃ?» አለ አምፖሉ።

«ለዚህ ነበር የተከራከርኩት፤ አሁንም እከራከራለሁ። በሩን ሙሉ አልከፍትም፤ ግማሹን። ግማሹ ለረግረጉ ይበቃል? አንቺ ንገሪኝ» አላት እህቴን፤ «ውሃ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እህቴ ሒሳቧን ገልጣ አየች። «የሞቀውን ክፍል ብቻ ካጥለቀለቅን ይበቃል። ግን ነገ ከሆነ ነው።»

«ነገ ጠዋት።»

ጸደቀ! አንድም እጅ ሳይቀር! ያቺ «ውሃ አቃጣይዋ» ያሏት ልጅ የሠራችው ግምት ዜሮውን ሰረዘው። አቅፌ አነሳኋት፤ ወገቤ ሊቆረጥ ምንም አልቀረው።

መተላለፊያው ላይ የቀድሞዬ ጠበቀኝ። «ፎቶውን ቀድደሽ የጣልሽው መስሎኝ ነበር።»

«መጽሔቱ ነው ያስቀመጠው።»

«ፖስታው ላይ ያለው ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ነው።»

«የመጽሔቱን ፖስታ ሁሉ እኔ ነኝ የምጽፍበት» አልኩትና እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሰማያዊውን መልበሴ ልክ ነበር።

ዓርብ 29

በሩ ተከፈተ። መሪውን ሁለት ሰው ነው የሚያዞረው፤ አንዱ እሱ ነበር፤ ኮቱን አውልቆ። ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር፣ ቀጥሎ እንደ ምላስ፣ ከዚያ እየተንደረደረ ገባ። ትኩሱን አፈር ሲነካው ረግረጉ በሙሉ ፉጨት ጀመረ፤ እንደ ሺህ ማንቆርቆሪያ! ነጭ እንፋሎት ሽቅብ። ሰው ከየሰፈሩ ወጥቶ ዳሩ ላይ ቆሟል፤ ልብስ ሰፊዋ ሻርፏን አፏ ላይ አድርጋ ታጨበጭባለች። እማዬ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች።

«አላልኳችሁም? እሱ ነው የሄደው!»

እህቴ ከጎኗ ቆማ አለቀሰች። ከጭሱ ነው አለች። ጭስ ወደኛ አይነፍስም ነበር።

እሑድ 1

እማዬ ተኝታ አደረች። ተጋድማ! ጠዋት ፎጣውን ከመስኮቱ አወጣሁት። አየሩ አየር ይሸታል። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን በራፏ ላይ አውጥታ እየዘፈነች ትሰፋለች፤ ድምጿ ተመልሷል፤ አይጥምም፤ ግን የሷው ነው።

አምፖሉ ለእህቴ ደወለላት፤ ግምቷ ሌሎች ረግረጎች የሚለኩበት መንገድ እንዲሆን ለበላይ ቢሮ ሊልከው ነው። ስሟ ፊት ላይ ይቀመጣል። እኔ ስልኩን ነጥቄ «የዳቦ ቅርጾቼም ይመስገኑ» አልኩት።

ሰኞ 2

ማታ ነው፤ ተረጋግቼ ልጻፍ።

የተለካው ቦታ ሁሉ ቀዝቅዟል፤ አንድ ጥግ ብቻ ይቀራል። ውሃው እዚያ የደረሰው ዛሬ ነው። እህቴ ረጅሙን ቴርሞሜትር ነገ በማለዳ እዚያ አፈር ውስጥ ትሰካለች፤ ከቀዘቀዘ የዚህ ሳምንት ቁጥሯ ዜሮ ይሆናል፤ በሰማይ ዓይን የተገመተ ዜሮ ሳይሆን እጅ ገብቶ የዳሰሰው። ካልቀዘቀዘ በሩ ትንሽ ይጨመራል፤ እሱ ቃል ገብቷል።

እሱም አብሮን ይመጣል፤ ማስረጃ በእጁ ካልዳሰሰ አያምንማ። እማዬ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁላችንንም ምሳ ጠርታናለች፤ «ኢንጂነሩንም» ብላ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየች። እኔ ምን አገባኝ።

አፈሩ ስንት ዲግሪ እንዳለ፣ እህቴ ምን እንደጻፈች፣ ምሳው ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠና ምን እንደተባለ፣ ነገ ማታ አንዲት ቃል ሳላስቀር እዚሁ እነግራችኋለሁ፤ የሚያሳፍረኝም ቢሆን።